ተመርጠው የሚተርፉት፦ ባክቴሪያዎች ኃይለኛ መድኃኒቶችን እንዴት ይቋቋማሉ?

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በዛሬው የጤና ትምህርት ዝግጅታችን የምናወጋው ስለ ባክቴሪያዎችና እነሱን ለመግደል ስለምንወስዳቸው መድኃኒቶች፣ ማለትም ስለ አንቲባዮቲክ ነው። ትናንት ባክቴሪያን ድራሹን ያጠፋ የነበረ ኃይለኛ መድኃኒት ዛሬ ለምን አልሠራ ይላል? የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው።

መድኃኒት ቤት ጎራ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ንግግር ሳይሰማ አይቀርም፤ «አሞክሳሲሊንን ሰውነቴ ለምዶታል፤ እስቲ ጠንከር ያለ ነገር ስጪኝ።» ብዙዎቻችን ይህን እንደ እውነት እንቀበለዋለን። ነገር ግን የሰውየው ሰውነት እንደ ድሮው ነው። የተለወጠው በሰውነቱ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው። ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። መድኃኒቱን የለመደው ሰውነቴ ቢሆን ኖሮ ችግሩ የእኔ ብቻ በሆነ ነበር፤ ጠንከር ያለውን ወስጄ እገላገል ነበር። መድኃኒቱን የተቋቋመው ባክቴሪያው ከሆነ ግን፣ ባክቴሪያ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳልና፣ ጣጣው ለልጄም ለጎረቤቴም ይተርፋል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፤ ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባክቴሪያ አንድ ሴል ብቻ ያለው፣ በዓይን የማይታይ ሕይወት ያለው ነገር ነው። አብዛኛው አይጎዳንም። በአንጀታችን፣ በቆዳችን፣ በአፍንጫችንና በጉሮሯችን እልፍ ሆኖ አብሮን ይኖራል። ጥቂቱ ግን የሳንባ ምች፣ ታይፎይድ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ነቀርሳና የደም መመረዝ ያመጣል። አንቲባዮቲክ የተሠራው ለእነዚህ ነው። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ ቫይረስን ደግሞ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ ያስፈልገናል።

የባክቴሪያ ትልቁ ጉልበት መራባቱ ነው። ኢ ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ምግብና ሙቀት ሲመቸው በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለ በ10 ሰዓት ውስጥ ከ1 ቢሊዮን ያልፋል። በተከፈለ ቁጥር 4.6 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ያሉትን የዘር መመሪያውን፣ ማለትም ዲኤንኤውን፣ መገልበጥ አለበት። በጣም ጠንቃቃ ገልባጭ ነው፤ ቢሳሳት በግምት በ1,000 ክፍፍል አንድ ጊዜ ነው። ነገር ግን 1 ቢሊዮን ባክቴሪያ እስኪፈጠር ድረስ የሚደረገውን ክፍፍል በዚህ ስናሰላው ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ስህተቶች እናገኛለን። አብዛኞቹ ለባክቴሪያው አይጠቅሙትም፤ የሚጎዱትም አሉ። ከስንት አንዱ ግን መድኃኒቱ ከሚያጠቃው ቦታ ላይ ይወድቅና ባክቴሪያው መድኃኒት እንዳይገድለው ያደርጋል።

ታዲያ ይህን ስህተት የሚፈጥረው መድኃኒቱ ነው ወይስ ስህተቱ መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት ነበር? ይህ ጥያቄ ሳይንቲስቶችን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች የነበሩት ባልና ሚስት፣ ጆሹዋና አስቴር ሌደርበርግ፣ በ1952 ያሳተሙት ሙከራ ለክርክሩ ዓይን የሚያይ መልስ ሰጠ። መሣሪያቸው ቁራጭ ከፋይ ጨርቅ ነበር። በአንድ ሳህን ላይ ባክቴሪያዎች በየቦታው ተራብተው እንደ ነጠብጣብ ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ የአንድ ባክቴሪያ ዘር ነው። ከፋዩን በሳህኑ ላይ ጫን አድርገው አነሱት። ከእያንዳንዱ ነጠብጣብ ጥቂት ጥቂት ባክቴሪያ በጨርቁ ፀጉር ላይ ቀረ። ከዚያ ጨርቁን በቅደም ተከተል መድኃኒት ባለባቸው ሳህኖች ላይ አተሙት።

በማግስቱ ሲያዩ ከነጠብጣቦቹ አብዛኞቹ ሞተዋል፤ ጥቂቶች ግን ተርፈዋል። የተረፉት በሁሉም ሳህኖች ላይ ያሉት በአንድ ዓይነት ቦታ ነበር። ሌደርበርጎች ወደ መጀመሪያው ሳህን፣ መድኃኒት ወዳልነካው ሳህን ተመለሱና በዚያው ቦታ ያለውን ባክቴሪያ ወስደው መረመሩ። መድኃኒት በሕይወቱ አይቶ የማያውቀው ያ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይቋቋማል! ስለዚህ ተቋቋሚው ቀድሞም ነበረ ማለት ነው። መድኃኒቱ ያደረገው ነገር ቢኖር ሌላውን ጨርሶ ለእሱ ቦታ መልቀቅ ነው።

አድማጮቻችን፣ የዛሬው ትምህርታችን ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንቲባዮቲክ ስንወስድ በሰውነታችን ውስጥ ምርጫ እናካሂዳለን። ደካማው ይሞታል፤ የማይበገረው ይቀራል፤ የቀረውም ምግቡንም ቦታውንም ለብቻው ይዞ ይራባል። ምርጫው በሽታ ባመጣብን ባክቴሪያ ላይ ብቻ የሚካሄድም አይደለም። መድኃኒቱ በደም ተሸክሞ በየአካላችን ስለሚደርስ በአንጀታችንና በጉሮሯችን በሰላም የሚኖሩትም ሁሉ ይመረጣሉ።

ምርጫው ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚሄድ በ2016 የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤትና በእስራኤል የሚገኘው የቴክኒዮን ተመራማሪዎች በአንድ ግዙፍ ሳህን አሳይተዋል። የሳህኑ ርዝመት 120 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። የረጋ የባክቴሪያ ምግብ ሞሉበትና በመደብ በመደብ ከፋፈሉት። በሁለቱ ዳርቻ ያሉት መደቦች መድኃኒት የለባቸውም። ከዚያ ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር መድኃኒቱ በአሥር በአሥር እጥፍ ይጨምራል። በአንደኛው ሙከራ የተጠቀሙት ትራይሜቶፕሪምን ነው፤ እኛ ባክትሪም ወይም ኮትሪሞክሳዞል ብለን ከምናውቀው ክኒን ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ነው። መሃል ላይ ያለው መጠን ተራውን ኢ ኮላይ ከሚገድለው ከ1,000 እጥፍ በላይ ነበር።

ኢ ኮላይን በዳርቻው ላይ ዘሩና ካሜራ ደገኑበት። ፊልሙ ላይ የሚታየው እንዲህ ነው። ባክቴሪያዎቹ መድኃኒት የሌለበትን መደብ በፍጥነት ይሞላሉ። የመጀመሪያው የመድኃኒት ድንበር ላይ ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ። ጥቂት ቆይቶ ከድንበሩ በአንዲት ነጥብ ላይ አንድ ተቋቋሚ ብቅ ይላል፤ ልጆቹም ወደ ፊት ተዘርግተው አዲሱን መደብ ይወርሳሉ። ቀጣዩ ድንበር ላይ እንደገና ቆም፣ እንደገና አንዱ ሰብሮ ማለፍ። በ11 ቀን ገደማ መሃሉ ላይ ደረሱ። ዳርቻው ላይ የነበረ ባክቴሪያ በቀጥታ መሃሉ ላይ ቢጣል ይሞት ነበር። ዝቅተኛው መጠን ለመካከለኛው፣ መካከለኛው ለከፍተኛው መወጣጫ ሆነላቸው። መድኃኒትን ከታዘዘው መጠን አሳንሶ መውሰድ ለምን እንደሚያሰጋ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ተቋቋሚው ባክቴሪያ ምን አግኝቶ ነው የማይሞተው? ዋና ዋናዎቹ ዘዴዎች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው መድኃኒቱን ማፍረስ ነው። እነ ፔኒሲሊን፣ እነ አሞክሳሲሊን፣ እነ ሴፍትሪያክሶን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም በመሃላቸው ባለ አራት ማዕዘን ቀለበት አላቸው። በዚያ ቀለበት አማካይነት ባክቴሪያው ግድግዳውን የሚሠራባቸውን ኢንዛይሞች ይይዛሉ፤ ግድግዳው ይሳሳና ባክቴሪያው ይፈነዳል። ተቋቋሚው ባክቴሪያ ቤታ ላክታሜዝ የሚባል ኢንዛይም ያመርትና ቀለበቱን ይከፍተዋል። ቀለበቱ የተከፈተ ፔኒሲሊን ደግሞ ለምንም አይሆንም። ሁለተኛው ዘዴ መድኃኒቱ የሚይዘውን ቦታ መቀየር ነው፤ መድኃኒቱ ሳይፈርስ ይደርሳል፤ ግን የሚይዘው አያገኝም። ሦስተኛው በር መዝጋት ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች በውጭ ሽፋናቸው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ያሳንሳሉ ወይም ይቀንሳሉ። አራተኛው ደግሞ የገባውን መልሶ ማስወጣት ነው። በሽፋናቸው ላይ ያሉ ፓምፖች መድኃኒቱ ጉዳት የሚያደርስ መጠን ላይ ሳይደርስ ወደ ውጭ ይተፉታል። አንድ ባክቴሪያ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ዘዴ አጣምሮ ሊይዝም ይችላል።

ታሪኩ ከመድኃኒቱ ታሪክ ጋር እኩል ነው የሚሄደው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ለንደን ውስጥ ሻጋታ በዙሪያው ያሉትን ባክቴሪያዎች ሲገድል አይቶ ፔኒሲሊንን አገኘ። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ፔኒሲሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም በ1940 ይፋ አደረጉ፤ መድኃኒቱ ገና በሰፊው ለሕሙማን መሰጠት ሳይጀምር ማለት ነው። ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 ኖቤል ሲሸለም ባደረገው ንግግር፣ ሰዎች መድኃኒቱን አሳንሰው በመውሰድ የማይበገሩ ባክቴሪያዎችን ሊያበረክቱ እንደሚችሉ አስጠንቅቆ ነበር። ጊዜ አልፈጀም። በለንደን ሐመርስሚዝ ሆስፒታል ሜሪ ባርበር የተባሉ ተመራማሪ ከሕሙማን የተወሰደውን ስታፊሎኮከስ ባክቴሪያ ሲመረምሩ፣ ፔኒሲሊንን የሚቋቋመው በ1946 ከ100ው 14 ያህሉ ነበር፤ በ1948 ወደ 59 ደርሶ ተገኘ። በቤታ ላክታሜዝ የማይፈርስ ሜቲሲሊን የሚባል መድኃኒት ተሠርቶ እንግሊዝ ውስጥ ሥራ ላይ በዋለ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ፣ በ1961፣ እሱንም የሚቋቋም ስታፊሎኮከስ ተገኘ። ይህኛው የተጠቀመው ሁለተኛውን ዘዴ ነው፤ መድኃኒቱ የማይይዘው አዲስ የግድግዳ መሥሪያ ኢንዛይም ይዞ መጣ።

እስካሁን ያየነው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ነው። ጉዳዩን በጣም የሚያከብደው ሌላ መንገድ ደግሞ አለ። በ1950ዎቹ ጃፓን ውስጥ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ የተባለ ባክቴሪያ በአንድ ጊዜ አራት ዓይነት መድኃኒቶችን ሲቋቋም ተገኘ። አንድ ባክቴሪያ አራት ትክክለኛ ስህተቶችን በአንድ ጊዜ ይሠራል ማለት የማይመስል ነገር ነው። በ1959 የጃፓን ተመራማሪዎች ነገሩን ደረሱበት። ሺጌላው ያንን ሁሉ መከላከያ ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ፣ ለኢ ኮላይ፣ እንዳለ ያቀብለዋል።

የሚቀባበሉት ፕላዝሚድ የሚባል፣ ከዋናው ዲኤንኤ የተለየ ትንሽ ክብ ዲኤንኤ ነው። ሁለቱ ባክቴሪያዎች ይገናኙና ሰጪው የፕላዝሚዱን ቅጂ ለተቀባዩ ያሳልፋል። በገጠር እሳት የጠፋባት ጎረቤት ገል ይዛ መጥታ እሳት ስትጭር የሰጪዋ ምድጃ አይጎድልም፤ ከዚያ በኋላ ግን በሁለቱም ቤት እሳት ይነድዳል። ፕላዝሚድም እንደዚሁ ነው። ሰጪው የራሱን ይዞ ይቀራል፤ ተቀባዩም በተራው ለሌላ ይሰጣል። በአንድ ፕላዝሚድ ላይ ደግሞ ለብዙ መድኃኒቶች የሚሆኑ መከላከያ ጂኖች፣ ማለትም የዲኤንኤ ክፍሎች፣ ተደርድረው ሊገኙ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት አንዱን መድኃኒት ስንወስድ ሌሎቹን አምስት ስድስት መድኃኒቶች የሚቋቋመውንም አብረን ልንመርጥ እንችላለን። በአንጀታችን ውስጥ ያለ ጉዳት የሌለው ባክቴሪያም ቢሆን የእነዚህ ጂኖች ማከማቻ ይሆንና ነገ ለሚመጣው በሽታ አምጪ ያቀብላል።

ሐኪሞች ለመጨረሻ ጊዜ ያስቀመጧቸው ኃይለኛ መድኃኒቶች ላይ የደረሰውም ይህ ነው። ኮሊስቲንን እንመልከት። በ1940ዎቹ መጨረሻ ጃፓን ውስጥ የተገኘ መድኃኒት ነው። ኩላሊት ስለሚጎዳ ሐኪሞች ለዓመታት ወደ ጎን አድርገውት ነበር። እነ ሜሮፔነም ያሉበትን የካርባፔነም ቤተሰብ የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ሲበዙ ግን ሌላ ምርጫ ጠፍቶ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተመለሰ። በዚያው ዘመን ቻይና ውስጥ አሳማዎች ቶሎ እንዲፋፉ ይኸው ኮሊስቲን ከመኖ ጋር ይሰጣቸው ነበር። በ2015 መጨረሻ የቻይና ተመራማሪዎች ኮሊስቲንን የሚያስመክት፣ በፕላዝሚድ የሚተላለፍ ጂን ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። ጂኑ ያለበት ኢ ኮላይ ከመረመሯቸው እንስሳት በ21 በመቶው፣ ከጥሬ ሥጋ ናሙናዎች በ15 በመቶው፣ ተኝተው ከሚታከሙ ሕሙማን ደግሞ በ1 በመቶው ተገኘ። ቁጥሩ ራሱ መንገዱን ይጠቁማል፤ ከበረት ወደ ሥጋ ቤት፣ ከሥጋ ቤት ወደ ሰው። ብዙም ሳይቆይ ጂኑ በብዙ አገሮች ተገኘ። ቻይና በ2017 ኮሊስቲንን ለእንስሳት ማፋፊያነት መጠቀምን ከለከለች፤ ከዚያ በኋላ በአሳማዎች ላይ የሚገኘው ተቋቋሚ ባክቴሪያ በጉልህ ቀነሰ።

በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት በ2016 አንዲት አረጋዊት ክሌብሴላ በተባለ ባክቴሪያ ታመው ሆስፒታል ገቡ። ባክቴሪያው በአገሪቱ በሚገኙ 26 አንቲባዮቲኮች ሁሉ ተፈተነ። አንዱም አልገደለውም፤ አረጋዊቷም ሞቱ። ይህ የሆነው መድኃኒትም ላቦራቶሪም በተሟላበት አገር ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ በተሠራ ሰፊ ግምት መሠረት፣ በ2019 መድኃኒትን በሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከሕዝብ ብዛት አንጻር ሲታይ ከሁሉ የከበደው ጉዳት የደረሰው ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ነው። እኛም የምንገኘው እዚያው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ምርጫ ያልኳችሁ ነገር በኢትዮጵያ ቀበሌዎች ውስጥ በቁጥር ተለክቷል። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ የዓይን በሽታ የሆነውን ትራኮማን ለማጥፋት በተደረገ ጥናት፣ በተመረጡ ቀበሌዎች ለሚገኙ ልጆች አዚትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ በየሦስት ወሩ ለአንድ ዓመት ተሰጠ። ተመራማሪዎቹ ከልጆቹ አፍንጫ ናሙና እየወሰዱ የሳንባ ምች ከሚያመጡት ዋነኛ የሆነውን ኒሞኮከስን ተከታተሉ። መጀመሪያ ላይ አዚትሮማይሲንን የሚቋቋመው ኒሞኮከስ ከ4 በመቶ በታች በሆኑት ልጆች ላይ ብቻ ይገኝ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ 47 በመቶ ወጣ። መድኃኒቱ ባልተሰጠባቸው ቀበሌዎች ግን 9 በመቶ ገደማ ነበር። ልብ በሉ፤ መድኃኒቱ የተሰጠው ለዓይን ነው፤ የተመረጠው ግን የሳንባ ባክቴሪያ ነው።

ይህን የምነግራችሁ የትራኮማ መድኃኒት ስርጭትን እንድትሸሹ አይደለም። ትራኮማ ዓይን ያጠፋል፤ በዚያው ጥናት መድኃኒቱ በተሰጠባቸው ቀበሌዎች የሞቱት ሕፃናት ቁጥርም ያነሰ ነበር። እዚያ ጥቅሙ ከዋጋው በልጧል፤ ዋጋውም በባለሙያ እየተለካ የተከፈለ ነው። ሌላም ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። ስርጭቱ በቆመባቸው ሌሎች የኢትዮጵያ ቀበሌዎች ተቋቋሚው ኒሞኮከስ በሁለት ዓመት ውስጥ በብዙ ወርዶ ታይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መከላከያ መሸከም ለባክቴሪያው ብዙ ጊዜ ሸክም ነው። መድኃኒቱ ሲጠፋ ሸክም የሌለበት ባክቴሪያ ቀድሞ ይራባል። ሆኖም ተቋቋሚው ጨርሶ አልጠፋም፤ መድኃኒቱ ቢመለስ የሚጀምረው ከዜሮ አይሆንም።

ታዲያ ባክቴሪያን በራሱ ሒሳብ መርታት ይቻላል? ይቻላል፤ የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም የቲቢ፣ ሕክምና ምስክር ነው። ስትሬፕቶማይሲን በ1940ዎቹ እንደተገኘ የቲቢ ሕሙማን ለብቻው ሲወስዱት መጀመሪያ ይሻላቸው ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን መድኃኒቱን የሚቋቋመው ቲቢ በብዙዎቹ ላይ አገረሸ። ከዚያ መድኃኒቶችን ማጣመር መጣ። ሒሳቡ እንዲህ ነው። አይሶናያዚድን የሚቋቋም የቲቢ ባክቴሪያ ከ1 ሚሊዮን አንድ ያህል ይገኛል። ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም ከ100 ሚሊዮን አንድ ያህል ነው። ሁለቱንም በአንድ ላይ የሚቋቋም ለማግኘት ሁለቱን ማባዛት ነው፤ ከ100 ትሪሊዮን አንድ ይሆናል። በታመመ ሳንባ ውስጥ ይህን ያህል ባክቴሪያ የለም። ስለዚህ በተለመደው ሕክምና አዲስ የቲቢ ታማሚ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀጣዮቹ አራት ወራት ደግሞ ሁለቱን ይወስዳል። አንዱን መርጦ ሌላውን የተወ፣ ወይም ሳሉ ስለተሻለው በሦስተኛው ወር ያቋረጠ ሰው ይህን ሒሳብ ያፈርሰዋል። ያን ጊዜ የሚመጣው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው። ሕክምናው በአገራችን በ2009 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሲጀመር የሚፈጀው ጊዜ ከመደበኛው በጣም የረዘመ፣ መድኃኒቱም የከበደ ነበር፤ አሁን ቢያጥርም ከመደበኛው የሚከብድ መሆኑ አልቀረም።

እንግዲህ በየቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አንግዛ። ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በሽታው ከባክቴሪያ ነው ወይስ ከቫይረስ የሚለውን የሚለይ ሰው መኖር አለበት። አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። እናት የሚያስለውን ልጇን ይዛ ጤና ኬላ ስትሄድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የልጁን ሸሚዝ ገለጥ ታደርግና ደረቱን እያየች አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ደግሞ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ይጠረጠራል፤ አሞክሳሲሊንም ይሰጠዋል። ከዚያ በታች ከሆነና ሌላ የአደጋ ምልክት ከሌለው ጉንፋን ነው፤ ፈሳሽ፣ ጡትና ክትትል ይበቃዋል። ይህች አንድ ደቂቃ ሁለት ነገር ታደርጋለች፤ መድኃኒት የሚያስፈልገውን ልጅ ከሞት ታድናለች፤ የማያስፈልገውን ደግሞ ከአላስፈላጊ መድኃኒት ትጠብቃለች። ልጃችሁ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ሁለተኛ፣ የታዘዘላችሁን መጠን፣ በታዘዘው ሰዓት፣ ለታዘዘው ቀን ውሰዱ። ግማሹን ለሌላ ጊዜ አታስቀምጡ፤ ለጎረቤትም አታካፍሉ። ጎረቤታችሁን መርዳታችሁ ቢመስላችሁም፣ ያቺ የተቆረሰች መጠን በዚያ ትልቅ ሳህን ላይ እንዳየነው የመጀመሪያ መወጣጫ ነች። ደስ የማይል ነገር ከተሰማችሁ በራሳችሁ ከማቋረጥ ይልቅ ያዘዘላችሁን ባለሙያ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ሐኪም የካልቸር ምርመራ ሲያዝላችሁ ነገር ማጓተት አይምሰላችሁ። የላቦራቶሪ ባለሙያው ባክቴሪያውን ሳህን ላይ ያሳድግና መድኃኒት የተነከሩ ክብ ወረቀቶችን ያስቀምጥበታል። የሚሠራ መድኃኒት ባለበት ወረቀት ዙሪያ ባክቴሪያ የሌለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል፤ በማይሠራው ዙሪያ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ ይበቅላል። ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ሊወስድ ይችላል። በዚያ ውጤት ግን ሐኪሙ ኃይለኛውን መድኃኒት ለማን መስጠት፣ ለማን ማቆየት እንዳለበት ያውቃል።

አራተኛ፣ ከብትና ዶሮ የምታረቡ ወገኖቻችን፣ ኦክሲቴትራሳይክሊንም ሆነ ሌላ አንቲባዮቲክ በእንስሳት ሐኪም ምክር ብቻ ስጡ። መርፌ የተወጋች ላም ወተት ለመጠጥም ሆነ ለገበያ ከመዋሉ በፊት መቆየት ያለበትን ቀን ጠይቁና ጠብቁ።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚቀድመው፣ ያልታመመ ሰው መድኃኒት አያስፈልገውም። ኢትዮጵያ የኒሞኮከስን ክትባት ለሕፃናት መስጠት የጀመረችው በ2011 ነው። አንድ የተከተበ ልጅ የሳንባ ምች ካልያዘው በዚያ በሽታ ምክንያት የሚወስደው አንቲባዮቲክም አይኖርም። ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ በሳሙና የታጠበ እጅ፣ በሆስፒታል ውስጥ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲያልፍ እጁን የሚያጸዳ ባለሙያ፣ እነዚህ ሁሉ ተቋቋሚው ባክቴሪያ የሚሄድበትን መንገድ ይዘጋሉ።

አዲስ መድኃኒት ይሠራልን ብለን ብቻ መጠበቅ አንችልም። አዲስ አንቲባዮቲክ ለማውጣት ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ሜቲሲሊን ግን ተቋቋሚውን ለማግኘት የፈጀበት ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። በእጃችን ያሉትን መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው። ቀዶ ሕክምና፣ በቀዶ የሚደረግ ወሊድ፣ የካንሰር ሕክምና፣ ያለ ቀኑ የተወለደ ጨቅላ እንክብካቤ፣ ሁሉም የቆሙት አንቲባዮቲክ ይሠራል በሚል እምነት ላይ ነው። በጉንፋን ምክንያት ያለ አግባብ የምንውጠው ክኒን ለጉንፋኑ አንዳች አይጠቅምም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ነገ በደም መመረዝ ተይዞ ሆስፒታል የሚገባ ሕፃን ሊሆን ይችላል። ያ ሕፃን የእኛ ልጅ ላይሆን ይችላል። የሚድንበት መድኃኒት ግን የሁላችንም ነው፤ የሁላችን የሆነውንም ሁላችን እንጠብቀው።

ለዛሬ ያዘጋጀነው ትምህርት ይህ ነበር። የሰማችሁትን ለቤተሰባችሁ፣ ለዕድርና ለማኅበር ወዳጆቻችሁ አካፍሉ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)